ውሃ ሁሉ ደጅ አለው

ሐርተሼክ፣ ጥር 15 ቀን 1992 ዓ.ም.
ለዩኒስ፣ ለልጄ ባል፣ አዋሽ ሰባት

ይህ ደብዳቤ ላንተ ብቻ ነው። ሹፌሩ ከእጅህ ላይ እንዲያኖረው አስምዬዋለሁ። አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ጨምረው።

ሂቦ ሞታለች። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቀበርናት። ሳንባዋ ነው አሉ፤ ከያዛት ሳምንት አልሞላትም። ከዚህ በላይ የምልህ የለኝም፤ አንተም ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

አሁን ጆሮህን ስጠኝ። ዐያን አትሰማም። ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል፣ ይህ ሦስተኛው ነው። ነርሷ ከአልጋ እንዳትወርድ አዝዛታለች ብለህ የላክህልኝ አንተው ነህ። በእናቷ መርዶ ይህም ከሄደ፣ ሚስቴን ብቻ ሳይሆን ልጄንም ቀበርኩ ማለት ነው። ወልዳ፣ አርባዋን ወጥታ፣ ሕፃኑን ታቅፋ እዚህ እስክትመጣ ድረስ ማንም አፉን እንዳይከፍት። ፊትህንም ጠብቅ። ሴት ከባሏ ፊት ላይ ብዙ ታነባለች፤ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ይህን አውቃለሁ።

መርዶ በወረቀት አይላክም። በአባቴ አገር በወረባቦም፣ በሂቦ ወገኖችም ዘንድ ይህ አንድ ነው። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሴቶቹ ከኋላ ቆመው፣ አንድ ትልቅ ሰው በአፉ ይናገራል። የሰማው ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አጠገቡ ይኖራል። ወረቀት እጅ የለውም። ላንተ የጻፍኩት ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው።

ለእሷ እንደ ወትሮው እጽፋለሁ። የሚጽፍልኝ ወልደሩፋኤል ነው፤ ከስደተኛው ካምፕ በር ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጎጃሜ፣ ታውቀዋለህ። ግን አንድ ነገር እወቅ። እኔ ዐብዱልቃድር ግንበኛው ነኝ። ሐሰት ተናግሬ አላውቅም፣ ጢሜ ከነጣ በኋላም አልጀምርም። “እናትሽ ሰላም ትልሻለች” የሚል ቃል ከብዕሩ እንዳይወጣ ወልደሩፋኤልን አስጠንቅቄዋለሁ። አልዋሽም። ዝም ነው የምለው። ዝም ማለት የምችል ይመስለኛል።

ዐብዱልቃድር፣ በጣቴ አትሜያለሁ

*

ሐርተሼክ፣ የካቲት 3 ቀን 1992 ዓ.ም.

ልጄ ዐያን፣

ወልደሩፋኤል ሰላምታውን በአሸዋና በኮከብ ቁጥር ጀምሮ ግማሽ ገጽ ሞልቶ ነበር። ቅደደው አልኩት። ሲሚንቶ እንኳ አሸዋ ሲበዛበት አይያዝም። ሰላም ነሽ ወይ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ይበቃል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዝናብ ጠይቀሻል፤ የለም። በመኸር መምጣት የነበረበት ሳይመጣ ቀረ፣ የበልጉን አላህ ያውቃል። ቢርካው፣ ያ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያችን፣ ከግማሽ በታች ወርዷል። እኔ ቆፍሬ እኔ የለሰንኩት ስለሆነ አያፈስም፤ ግን ከሰማይ ካልወረደለት ቢርካም ጉድጓድ ነው። ቀይዋ ፍየል ወልዳለች። ግልገሉ እንደ እናቱ አመለኛ ነው፣ አጥር ላይ ይንጠላጠላል።

ስለ እናትሽ፣ ሆዮ ለምን ቃል አልላከችልኝም ብለሻል። የማጽፈው እኔ ነኝ፤ የእኔን ቃል አንብቢ። እናትሽ አልተቀየመችሽም። አንድም ቀን ተቀይማሽ አታውቅም፣ ይህን ቁርኣን ይዤ እነግርሻለሁ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። የልብስ ውሃ ወዴት ነው የሚደፋው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውዱእ ድንጋዩ አጠገብ ያለው ሎሚ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ውሃ አልነፈግኩትም፤ በእጄ የገባውን እድፋም ውሃ ሁሉ የማጠጣው እሱን ነው። እናትሽ “ውሃ ሁሉ ደጅ አለው” ስትል ሰምቻለሁ። የሩዙ እጣቢ ወደ ፍየል፣ የውዱኡ ወደ ሎሚ፣ በአመድ የታጠበ ዕቃ ውሃ ወደ ቃሪያው። ይህን ይህን ጆሮዬ ይዞታል። የልብሱን አልያዘውም። እኔ ውሃ የማጠራቅም ሰው ነኝ፤ ማካፈሉ ሥራዬ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ጻፊልኝ።

“ለምን እሷን አትጠይቃትም” ትዪ ይሆናል። አንቺን ነው የጠየቅኩት።

ከአልጋሽ አትውረጂ። ዩኒስ ውሃ ይቅዳልሽ፣ ወጥም ይሥራልሽ። ወንድ ልጅ ድስት ቢያጥብ እጁ እንደማይቆረጥ እኔ ምስክር ነኝ።

አባትሽ

*

ሐርተሼክ፣ የካቲት 24 ቀን 1992 ዓ.ም.

ልጄ ዐያን፣

መልስሽ ፈጥኖ መጣ። ሹፌሩ አንድ ቀን እንኳ እንዳይቆይበት አጥብቀሽ እንደለመንሽው ነገረኝ።

የሳሙና ውሃ ሎሚ ይገድላል፣ ደጁ እሬቱ አጥር ሥር ነው ብለሻል። ገባኝ። ከሎሚው ሥር ያለውን አፈር እስከ ክንድ ቆፍሬ አወጣሁት፣ የፍየል በጠጥና አመድ ቀላቅዬ መለስኩ፣ ልክ እንዳልሽው። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ውዱእ ሳደርግ ውሃው በቦዩ ወደ ሥሩ ሲሄድ አየዋለሁ። ድሮ አይቼው አላውቅም። ቦዩ በትንሹ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ እኔ ብሠራው እንዲህ አላጣምመውም ነበር ብዬ ላስተካክለው መሮ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ባለበት ይሁን።

በዚህኛው ደብዳቤሽ ስለ እናትሽ አንድም ቃል አልጠየቅሽም። ወልደሩፋኤል ገልብጦ ጀርባውንም አየው። ደህና አድርገሻል። የታመመ ሰው ብዙ ባይጠይቅ ይሻላል።

ካምፑ ከተተከለ ወዲህ ከዚህ እስከ ከተማው ጥላ የሚባል እንዳልቀረ ታውቂያለሽ። ስደተኛው ምን ያድርግ፣ የሚበላውን ማብሰል አለበት። ከሩቅ የሚታየው አረንጓዴ የእኛ ግቢ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሴቶች ገመድ ይዘው በር ላይ ቆሙ። “አደር፣ አጎታችን፣ ሎሚው ከደረቀ ለእኛ ስጠን” አሉኝ። አልደረቀም ብዬ አባረርኳቸው። ጥቂት ሲሄዱ ጠራኋቸውና ኩበት ሰጠኋቸው። አንደኛዋ ስታመሰግነኝ ስም ጠርታ መረቀች፤ የእኔን ስም አይደለም።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። በቤት ያለው ማሽላ አልቋል፣ የጉድጓዱን ልከፍት ነው። ከላይ የሚደረገው ምንድን ነው? ገለባ ነው ወይስ ጭቃ ነው የሚቀድመው? አንዴ ከፍቼ እንዳላበላሸው። ነቀዝ እንዳይገባበት የሚደረግ ቅጠልም ነበር፤ ስሙ ጠፍቶኛል። ጻፊልኝ። እዚህ የሚያውቅ የለም።

አባትሽ

*

ሐርተሼክ፣ መጋቢት 20 ቀን 1992 ዓ.ም.

ልጄ ዐያን፣

ብቻህን ወደ እህሉ ጉድጓድ እንዳትገባ ብለሻል። ኩራዝ በገመድ አውርድ፣ ከጠፋ ትንፋሹ ሰው ይገድላል፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት ተወው፣ ከላይ ገመድ የሚይዝ ሰው ይኑር ብለሻል። እኔ ከአርባ ቢርካ በላይ የቆፈርኩ ሰው ነኝ። ጉድጓድ ለእኔ ይነገራል ወይ?

ደግሞስ ብቻዬን መሆኔን ማን ነገረሽ? ቤቴ ሰው አላጣም። ይህን ስል እየዋሸሁ አይደለም፣ ሰው አለ። ከደገሀቡር ወዲያ ድርቁ ያባረራቸው መጥተዋል። ዋርፋ የሚባል እኩያዬ ሽማግሌ ከነሚስቱ ከአጥራችን ሥር ሰፍሯል። ግመሎቹ በመንገድ አልቀው አንዲት ቀርታለት ነበር፣ እሷም ከዚህ ደርሳ ተኛች። ሬሳዋን ጎትተን ቀበርን። ሲቀብራት አላለቀሰም፣ ልጓሟን አጥቦ አጥሩ ላይ ሰቀለው። ያን ቀን ወደድኩት።

እና ኩራዙን አወረድነው። ጠፋ። እንዳልሽው ክፍት ትተነው በማግሥቱ ዋርፋ ወረደ፣ ገመዱን እኔ ያዝኩ። ማሽላው ደህና ነው፣ ሽታው እንኳ አልተለወጠም። ወልደሩፋኤል “አመስግናት” ይለኛል። አመስግኛለሁ።

አሁን የቢርካውን ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው ብትሰሚው አልወድም።

የቢርካው ድርሻ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ውሃው ወርዶ ወርዶ ጉልበት ሲደርስ ይቆማል። ያን ሰው አይጠጣውም፣ ከብትም አይጠጣውም፤ የሲሚንቶው ነው። ሲሚንቶ ሥሩ ከደረቀ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ የሚመጣው ዝናብ ሁሉ መሬት ይበላዋል። ለዛሬ ጥም የዓመቱን ውሃ መስጠት የሰነፍ ሥራ ነው ስል ኖሬያለሁ። በዚህ የተነሳ ስንቱን ከደጄ መልሻለሁ፣ ስንቱ ረግሞኛል። እናትሽ አንድ ቀንም አልተከራከረችኝም። እሷ ከራሷ ድርሻ እየቀነሰች ከበሩ ውጭ እንስራ ታስቀምጥ ነበር፣ ላላፊ አግዳሚ። እኔ እንቢ እያልኩ፣ እሷ እያጠጣች፣ ቢርካውም ሳይሰነጠቅ ኖርን።

ውሃው ጉልበት ደረሰ። እኔም እንደ ልማዴ በሩ ላይ ቆምኩ። የዋርፋ ሚስት ጣሳ ይዛ መጥታ እንስራው ውስጥ አየች። ባዶ ነው። ጣሳዋን በጨርቋ ጠርጋ ተመለሰች። ሰድባኝ፣ ጮኻብኝ ቢሆን እችለው ነበር።

ባዶ እንስራ ከደጄ አስቀምጬ መኖር አልቻልኩም። ባልዲውን ወሰድኩና የቢርካውን ድርሻ ቀዳሁት። ለእነሱም፣ ከኋላቸው ለመጡትም። አልቋል።

ይህን ያዘዘኝ የለም። የከለከለኝም የለም።

አባትሽ

*

ሐርተሼክ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1992 ዓ.ም.

ልጄ ዐያን፣

ሆድሽ እየገፋ ነው ማለትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ልጁ ሲራገጥ ዩኒስ እጁን አስቀምጦ ይስቃል ብለሻል። ይሳቅ።

ስለ ቢርካው አልተቆጣሽኝም። እንድትቆጪኝ ነበር የፈለግኩት። ተሰንጥቋል። ከምሥራቁ ጥግ ተነሥቶ እስከ ወለሉ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ሰው “ግንበኛው ቢርካው ተሰነጠቀ” እያለ እንዳያወራብኝ ፈርቼ ነበር። ማንም አላወራም። ይህም አሳፈረኝ።

ውሃ አሁን የሚመጣልን በቦቴ ነው፣ ካምፑ ጋ ሄደን እንሰለፋለን። ለመጠጥ እንኳ ሳይበቃ እኔ ውዱኤን ከሎሚው ሥር ማድረግ አላቆምኩም። ኢማሙ “በእንዲህ ያለ ጊዜ በአፈር ተየመም” አለኝ። እኔ ግን ለሶላት ብቻ አልነበረም የምታጠበው።

ልጄ፣ አሁን የምነግርሽን ተቀምጠሽ ስሚ። ዩኒስ አጠገብሽ ይሁን።

ሎሚው ሞቷል። መጀመሪያ ጫፉ፣ ከዚያ ቅርንጫፉ፣ በመጨረሻ ግንዱን በጥፍሬ ልጬ አየሁት፤ ውስጡ አረንጓዴ ቀለም የለውም። የምችለውን አድርጌያለሁ። ያልሽኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ዕድሜው ያን ያህል ነበር። የአላህ ሥራ ነው፣ ልጄ፣ በርቺ። አንቺም የቻልሽውን ሁሉ ስላደረግሽለት ራስሽን አትውቀሺ። ደግ ነበር። በጥላው ሥር ያላረፈ ጎረቤት፣ ከፍሬው ያልቀመሰ በሽተኛ የለም። ማንንም አላስቀየመም።

ወልደሩፋኤል እዚህ ላይ መጻፉን አቁሞ ውጭ ወጥቷል። ሱቁን ሰው እንዳይሰርቀው እኔ ተቀምጬ ጠብቄለታለሁ። አሁን ተመልሷል። ዓይኑ ቀልቷል፣ በርበሬ ነው ይላል።

ሴቶቹ ገመድ ይዘው ድጋሚ መጥተው ነበር። እስከ አሁን አልሰጠኋቸውም። ቆሞ ይቆይ፤ ቢያንስ ፍየሎቹ ይታከኩበት።

አባትሽ

*

ሐርተሼክ፣ ግንቦት 18 ቀን 1992 ዓ.ም.

ልጄ ዐያን፣

ዩኒስ በጎን ወረቀት ጨምሮ ጽፎልኛል። ለሎሚው ሦስት ቀን ሙሉ አልቅሰሻል አሉ። ጎረቤት ሴቶች ምን ደረሰባት ብለው ሲገቡ “ዛፋችን ሞቶባት ነው” እያለ ሲያስረዳ አፍሮ ነበር። ለዛፍ ይህን ያህል ይለቀሳል ወይ ብዬ ወልደሩፋኤልን ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አየኝና “ይለቀሳል፣ ጋሼ ዐብዱልቃድር” አለኝ።

ሕመም አልተሰማሽም፣ ሆድሽም ደህና ነው ተብሏል። አልሐምዱሊላህ።

ሰማዩ ጠቁሮ ሁለት ቀን አንጠባጠበ። አቧራውን አስተኝቶ ሄደ። የሐምሌው ከመድረሱ በፊት ስንጥቁን መድፈን አለብኝ። ዋርፋ ዕድሜውን ሙሉ ግመል ነድቶ መሮ ይዞ አያውቅም፣ ድንጋይ ሲጠርብ ጣቱን ነው የሚጠርበው። እኔ እሰድበዋለሁ፣ እሱ በሶማሊኛ ይመልስልኛል፣ ሚስቱ ከማዶ ትስቃለች። ግቢው ውስጥ ሳቅ ሲሰማ መጀመሪያ ደነገጥኩ።

ቃሪያው ለመልቀም ደርሷል። የዕቃው ውሃ አልተቋረጠበትም፤ እኔው ነኝ የምደፋለት። የማሽላው አፍም እንዳልሽው ተለስኗል፦ ገለባ፣ ከዚያ አመድ፣ ከዚያ የኩበት ጭቃ። እጄ ለምዶታል።

አሁን ስለ ስም የጠየቅሽኝ። ወንድ ከሆነ የአባቴን ስም ስጡት፤ እሱ ከሞተ ዘመን አልፎታል። ለሴት ልጅ የጠየቅሽኝን ደግሞ ወልደሩፋኤል ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። “ሴት ከሆነች የሆዮን ስም ልስጣት ወይ?” ብለሻል። የቤታችንን ልማድ ታውቂያለሽ። በሕይወት ያለ ሰው ስም ለሕፃን አይሰጥም፤ የሰጠ ሰው የባለስሙን ዕድሜ ቆረጠ ይባላል። ይህን እናትሽ ራሷ ናት ያስተማረችሽ። እያወቅሽ ጠየቅሽኝ።

ወልደሩፋኤል ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል። ደንበኛ ገብቶ ስኳር ገዝቶ ወጥቷል። እንግዲህ ይህን ቦታ ክፍት ተወው ብዬዋለሁ።




ከዚህ በታች ፊርማዬ ነው።

አባትሽ

*

አዋሽ ሰባት፣ ሰኔ 25 ቀን 1992 ዓ.ም.

አባቴ፣

በሰላም ተገላገልኩ። ሴት ናት። ትጠባለች፣ ታለቅሳለች፣ ጥፍሯ ረዥም ነው። ስሟ ሂቦ ነው።

ክፍት የተውከውን ቦታ አይቼዋለሁ።

ዩኒስን አትቆጣው። አንድ ቃል አልነገረኝም፤ ፊቱን እንዴት እንደሚጠብቅ ብታይ ያሳዝንሃል። የነገርከኝ አንተ ነህ። በየካቲት “የልብስ ውሃ ወዴት ነው የሚደፋው” ስትለኝ ነው ያወቅኩት። ሆዮ ብትኖር የልብስ ውሃ ካንተ እጅ ምን ያደርጋል? ሸሚዝህን የምትሰቅለው እንኳ እሷ ነበረች። ደብዳቤውን አጥፌ ከትራሴ ሥር አስገባሁና ጣራውን ሳይ ዋልኩ። ነርሷ ካለቀስሽ ፅንሱ ይወጣል ብላኛለች። ስለዚህ አላለቀስኩም። ተነሥቼ የሳሙና ውሃ ሎሚ እንደሚገድል ጻፍኩልህ።

ከዚያ በኋላ ስለ እሷ መጠየቅ ያቆምኩት ለዚህ ነው። ብጠይቅህ መዋሸት ይኖርብሃል፤ አንተ ደግሞ አትችልበትም። ያንተን ጥያቄ ስመልስ ግን እሷ ከአፌ ውስጥ ሆና የምትናገር ይመስለኝ ነበር። ገለባው፣ አመዱ፣ ኩራዙ። ቶሎ ቶሎ ጠይቀኝ እል ነበር በልቤ።

ሎሚው ሞተ ስትለኝ ማልቀሻ አገኘሁ። ያን ቀን ፅንሱ ጠንክሮ ነበር፣ ነርሷም አሁን አያሰጋም ብላኝ ነበር። ዩኒስ “ለሎሚ ነው?” አለኝ። “አዎ፣ ለሎሚ ነው” አልኩት።

አባቴ፣ መርዶዬን ግን አልሰማሁም። አንተ አልነገርከኝም፣ እኔም በወረቀት አልቀበልም። አርባዬን ስወጣ ሕፃኗን ይዤ እመጣለሁ። እንደ ወጉ አርዳኝ።

ልጅህ ዐያን

*

ሐርተሼክ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1992 ዓ.ም.

ልጄ ዐያን፣

ወልደሩፋኤል ስሟን ሲያነበው ቆሜ ነበር። የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ቀሪውን ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የሰማሁት።

እንኳን ማርያም ማረችሽ ይልሻል ወልደሩፋኤል፤ በእሱ ወግ ነው፣ ተቀበዪው። ይህን ሁሉ ወር እኔ አንቺን የጋረድኩሽ መስሎኝ፣ አንቺ ነሽ ለካ የሸፈንሽኝ። ሰው ልጁን አሳድጎ ግንብ ሠራሁ ይላል፤ ጥላው የወደቀው በራሱ ላይ እንደሆነ አያውቅም።

ዝናብ መጥቷል። ስንጥቁን ደፍነነዋል፤ ዋርፋ ሁለት ጥፍር ከፍሎበታል። ከትናንት በስቲያ ሌሊት የወረደውን በማለዳ ሄጄ ለካሁት፣ በእጄ ላይ ከክርን አልፏል። ዛሬም እዚያው ነው። ቢርካዋ ከምሥራቁ ጥግ ትንሽ እንባ ታንጠባጥባለች፣ ግን ትይዛለች። እንደ ድሮው አይደለችም። እኔም አይደለሁም። እንስራው ከደጅ ሙሉ ነው፤ ማለዳ ማለዳ የምሞላው እኔ ነኝ፣ ከራሴ ድርሻ።

ሎሚውን አልቆረጥኩትም። ከኩበቱ ክምር ደግሞ የመጨረሻውን ረድፍ አላነደድኩትም፣ ከቤት አግብቼ ግድግዳው ሥር ደርድሬዋለሁ። የእናትሽ የአምስቱም ጣቷ ቅርጽ አለበት። ስትመጪ እጅሽን ለኪበት።

አሁን የምልሽን አድርጊ። በቀጥታ ወደ ቤት እንዳትመጡ። ሐርተሼክ ስትደርሱ መሽቶ ከሆነ ወልደሩፋኤል ዘንድ እደሩ፣ ሚስቱ አልጋ አዘጋጅታለች። ጎሕ ሲቀድ እኔ፣ ኢማሙ፣ ዋርፋና የሰፈሩ ሽማግሌዎች እንመጣለን። የዋርፋ ሚስት ከጎንሽ ትቀመጣለች፤ ክንዷ ጠንካራ ነው፣ ትይዝሻለች። ሕፃኗን ዩኒስ ይቀፋት። አንቺ እንዳልሰማ ሰው ተቀመጪ፤ እኔም እንዳልነገረ ሰው እገባለሁ። ሌላ ሰው እንዲያረዳሽ አልፈቅድም። በአፌ እነግርሻለሁ። በምን እንደሞተች፣ በመጨረሻ ምን እንዳለች፣ ገላዋን ማን እንዳጠበው፣ የት እንዳኖርናት። እስከዚያች ቀን አፌ ውስጥ ይቆያል።

ከዚያ በኋላ ወደ ቤት እንሄዳለን። ውሃ አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ፣ ከሎሚው አጠገብ፣ ከድንጋዩ ላይ።

የሩዙን ደጅ አውቃለሁ። የዕቃውን አውቃለሁ፣ የልብሱንም አንቺ አሳውቀሽኛል። ካለቀሱ በኋላ ፊት የሚታጠቡበት ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላውቅም፤ እስከ ዛሬ በየቦታው ነው ያፈሰስኩት። ይህን አንዱን በደብዳቤ አትጻፊልኝ። መጥተሽ አሳዪኝ።

አባትሽ ዐብዱልቃድር